ብቻውን ከመብረሩ በፊት
የአይሮፕላን ተማሪ የምድር ትምህርትና ፈተና ታሪክ

አባቶቻችን «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው» ብለው የተረቱት ለጓዳ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ዝግጅት ከማናቸውም ሥራ የሚቀድም መሆኑን ለማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው የሰው ሥራ ስሕተትን በመጠኑ ይታገሣል። ጸሐፊ ቢሳሳት ወረቀቱን ቀዶ ሌላ ይጽፋል፤ ግንበኛ ቢሳሳት ድንጋዩን አንሥቶ እንደ ገና ያኖራል፤ መንገደኛም ቢጠራጠር ከመንገዱ ዳር ቆሞ አላፊውን ይጠይቃል። በአየር ላይ ግን መቆሚያ ዳር የለም። አይሮፕላን የሚያበር ሰው የቸገረውን ነገር ቆሞ ሊያስብበት አይችልም፤ ቢቆም ይወድቃልና። ስለዚህ ዋናውን ሐሳብ በምድር ሳለ አስቦ መጨረስ አለበት።

ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በሚበርበት ቀን ነው። ከዚያ ቀን በፊት አስተማሪው አጠገቡ ወይም ከኋላው ተቀምጦ ሥራውን ይከታተላል፤ ተማሪው ቢዘገይ ያስታውሰዋል፤ ቢሳሳት ያርመዋል። በዚያ ቀን ግን አስተማሪው ከአይሮፕላኑ ይወርድና ወደ ሜዳው ዳር ፈቀቅ ይላል። ተማሪው ከምድር ከተነሣ በኋላ በደኅና ወደ ምድር የሚመልሰው ከራሱ በቀር ማንም የለም። በአስተማሪው ባዶ ወንበር ላይ የሚቀመጥለት ረዳት ቢኖር፥ አስቀድሞ በምድር ላይ የተማረው ትምህርት ብቻ ነው።

ዛሬ ይህ ቀን ከመድረሱ በፊት ተማሪውን በምድር ላይ ማስተማርና መፈተን በብዙ አገር የተለመደ ሥርዓት ሆኗል። ሥርዓቱን ግን አንድ ሊቅ በአንድ ሌሊት አላወጣውም። ከፈተናው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከኋላቸው ታሪክ አላቸው፤ ከታሪኩም ብዙው የተገዛው በሰው ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ኦቶ ሊልየንታል የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሞተር የሌለው ክንፍ ሠርቶ ከኮረብታ ላይ እየተንደረደረ መብረር ጀመረ። ወደ 2000 ጊዜ ያህል በረረ። ነገር ግን እያንዳንዱ በረራ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ በአየር ላይ የቈየበት ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ከጥቂት ሰዓቶች አያልፍም ነበር። በ1896 በነሐሴ ወር ክንፉ አየሩን መያዝ አቅቶት ወደቀና በማግሥቱ ሞተ። በአሜሪካ በዴይተን ከተማ ብስክሌት እየሠሩ ይተዳደሩ የነበሩት ወንድማማቾች ዊልበርና ኦርቪል ራይት የዚህን ሰው ሥራና አሟሟት በጥንቃቄ መረመሩ። ከምርመራቸውም አንድ ቁም ነገር አገኙ፤ ይኸውም በአየር ላይ ብቻ የሚማር ሰው ለመማር የሚበቃ ጊዜ የማያገኝ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ራይቶች የሚችሉትን ያህል በምድር ላይ ለመማር ቈረጡ። በ1901 ነፋስ የሚነፍስበት ረዥም ሣጥን ሠርተው ወደ 200 የሚጠጉ ትንንሽ የክንፍ ቅርጾችን በውስጡ ፈተኑ። በ1902 ኪቲ ሆክ በሚባለው አሸዋማ የባሕር ዳር ሞተር በሌለው አይሮፕላን ከ700 ጊዜ በላይ ተለማመዱ። ሞተር የገጠሙት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 የተደረገው የመጀመሪያ በረራ 12 ሰከንድ ብቻ ፈጀ፤ የተጓዘውም ርቀት 36 ሜትር ያህል ነበር። ዓለም የሚያስታውሰው እነዚያን 12 ሰከንዶች ነው፤ እኛ ግን ከ12ቱ ሰከንዶች በስተጀርባ ያሉትን የጥናት ዓመታት መዘንጋት የለብንም። ራይቶች ራሳቸው መምህር፥ ራሳቸው ተማሪ፥ ራሳቸውም ፈታኝ ነበሩ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ግን እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት አልነበራቸውም። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሌሪዮ በ1909 በሐምሌ ወር ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ ያለውን የባሕር ወሽመጥ በአይሮፕላን ከተሻገረ በኋላ ብዙ ወጣቶች መብረር ለመማር ወደ ትምህርት ቤቱ ጐረፉ። የብሌሪዮ አይሮፕላን የተሠራው ለአንድ ሰው ስለ ነበረ አስተማሪው ከተማሪው ጋር ሊሳፈር አይችልም ነበር። ስለዚህ ተማሪው በመጀመሪያ ክንፉ ባጠረና ከምድር ሊነሣ በማይችል አይሮፕላን በሜዳው ላይ ወዲያና ወዲህ እየነዳ ይለማመዳል። ይህም መሣሪያ ክንፍ እያላት በማትበረው ወፍ ስም ፔንግዊን ተባለ። ቀጥሎ ተማሪው በሌላ አይሮፕላን ጥቂት ከፍ ብሎ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ይበራል። በዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው በረራና የብቻ በረራ አንድ ነገር ነበሩ ማለት ነው። አስተማሪው ማድረግ የሚችለው ሁሉ በምድር ላይ መናገር ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከሜዳው ዳር ቆሞ ከመመልከት በቀር ሌላ ሥልጣን አልነበረውም።

የራይት ወንድማማቾች ትምህርት ቤት በበኩሉ ሁለት ሰዎች የሚቀመጡበትን አይሮፕላን ይጠቀም ነበር። ከዚህም በላይ አሮጌ አይሮፕላን በእንጨት መደገፊያ ላይ አኑረው፥ ተማሪው በላዩ ተቀምጦ ሲዘነበል መሪዎቹን እያንቀሳቀሰ ሚዛኑን መጠበቅ እንዲለማመድ ያደርጉ ነበር። ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን አየር ኃይል የመራው ሄንሪ አርኖልድ በ1911 በዚህ ትምህርት ቤት ተምሯል። ብቻውን የበረረውም አራት ሰዓት እንኳ ያልሞላ የአየር ትምህርት ካገኘ በኋላ ነበር።

በዚያ ዘመን የአብራሪነት የምስክር ወረቀት የሚሰጡት የየአገሩ የበረራ ክበቦች ነበሩ። ፈተናቸው በአየር ላይ የሚታይ ነበር። በ1911 በነበረው ደንብ ተፈታኙ በሁለት ምልክቶች መካከል የስምንት ቍጥር ቅርጽ እየሠራ 5 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ይበራል፤ ቢያንስ እስከ 50 ሜትር ከፍታ ይወጣል፤ ሞተሩንም አጥፍቶ ከተመለከተለት ቦታ 50 ሜትር ሳይርቅ ያርፋል። ይህ ፈተና ተማሪው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል፤ ለምን እንደሚያደርገው ግን አይጠይቅም። ደግሞም ፈተናው የሚደረገው አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ ስለ ነበረ፥ ያልታሰበ ነገር ቢመጣ ተማሪው የሚሆነውን ማንም አያውቅም ነበር።

ያልታሰበው ነገር የሚያስከትለውን አደጋ በግልጽ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በነሐሴ 25 ቀን 1912 ዊልፍሬድ ፓርክ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን ከአንድ ጓደኛው ጋር በሶልዝበሪ ሜዳ ላይ ሲበር ሳለ አይሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ መውደቅ ጀመረ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ አወዳደቅ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተርፎ የሆነውን አይናገርም ነበር። ፓርክ ማንኛውም ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገውን አደረገ። አፍንጫውን ቀና ለማድረግ የእጅ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ የእግር መሪውንም አይሮፕላኑ ወደሚዞርበት ወገን ገፋ። ሁለቱም አልረዱትም። በመጨረሻ ምድር እየቀረበች ስትመጣ የእግር መሪውን በተቃራኒው ወገን እስከ መጨረሻው ረገጠው። አይሮፕላኑ መሽከርከሩን አቁሞ ከምድር 15 ሜትር ያህል ሲቀረው ቀና አለ።

ፓርክ ካረፈ በኋላ ያደረገውን ሁሉ በተራ በተራ አስረዳ፤ በሜዳው የነበሩት ዐዋቂዎችም መዝግበው በጋዜጣ አወጡት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፓርክ በሌላ አደጋ ሞተ፤ ቃሉ ግን ቀረ። የቀረውም ቃል ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ይኸውም በአየር ላይ ደመ ነፍስ የሚያዘው ነገር አንዳንድ ጊዜ ገዳይ መሆኑ ነው። ደመ ነፍሱ የሚያታልለውን ሰው የሚያድነው አስቀድሞ የተማረው እውቀት ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ተማሪው ገና በወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ «አይሮፕላኑ ቢሽከረከር ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፓርክ በአየር ላይ ሲወድቅ የፈለገውን መልስ የዛሬው ተማሪ በእርሳስ ይጽፈዋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 በተነሣ ጊዜ የአብራሪ ፍላጎት ከልክ በላይ ጨመረ። መንግሥታት በችኰላ ሰው ያሠለጥኑ ጀመር። እንግሊዞች የበረራን ዘዴ፥ የሞተርን አሠራር፥ የካርታን አነባበብና በምልክት የመነጋገርን ጥበብ ተማሪው አይሮፕላን ከመንካቱ በፊት በክፍል ውስጥ እንዲማር በሬዲንግና በኦክስፎርድ ከተሞች የምድር ትምህርት ቤቶችን አቋቋሙ። አሜሪካም በ1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ በስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ስምንት ሳምንት የሚፈጅ የምድር ትምህርት ከፈተች። በዚህ ትምህርት የወደቀ ሰው ወደ በረራው ሜዳ አይሄድም ነበር። የምድር ፈተና የአየርን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ሆኖ የቆመው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የክፍል ትምህርትና የአየር ትምህርት ገና አልተጋቡም ነበር። በክፍል የተማረውን ነገር ተማሪው በአየር ላይ ሳያየው ይቀራል፤ በአየር ላይ የሚያየውን ነገር ደግሞ ምክንያቱን የሚነግረው አያገኝም። ከአስተማሪዎቹም መካከል ከጦር ግንባር ደክመው የተመለሱ፥ መሪውን ለተማሪ ለመልቀቅ የሚፈሩ ነበሩበት። ይህን የተመለከተው ሻለቃ ሮበርት ስሚዝ ባሪ ነው። ይህ መኰንን በ1916 በፈረንሳይ ግንባር የአየር ጓድ አዛዥ ሳለ፥ በጥቂት ሰዓት ትምህርት ብቻ ወደ እርሱ የሚላኩት ወጣቶች ገና ከመድረሳቸው ሲያልቁ አየ። ለአለቆቹ ደጋግሞ ጻፈ። አለቆቹም «እንግዲያው አንተ አስተምር» እንደማለት በ1917 መጀመሪያ በጎስፖርት የሚገኘውን የማሠልጠኛ ክፍል ሰጡት።

ስሚዝ ባሪ ያደረገው ለውጥ ለመናገር ቀላል ነው፤ ሆኖም ዓለምን የለወጠ ነው። አቭሮ 504 በሚባለው አይሮፕላን ላይ ለአስተማሪውም ለተማሪውም ሙሉ መሪ እንዲኖር አደረገ። በሞተሩ ጩኸት መካከል አስተማሪው ለተማሪው የሚናገርበት ቱቦ ተዘረጋ፤ ይህም ቱቦ በቦታው ስም «ጎስፖርት» እየተባለ ይጠራ ጀመር። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪው ከአደጋ እንዲሸሽ ሳይሆን አደጋውን ዐውቆ እንዲያሸንፈው ማስተማር ጀመረ። መሽከርከርን፥ በጐን ነፋስ ማረፍን፥ የሞተርን መቆም ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ሆኖ ሆን ብሎ ይለማመድ ነበር። እያንዳንዱም ነገር ከነምክንያቱ ይነገረው ነበር። ለአስተማሪዎቹም ራሳቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ተቋቋመላቸው፤ ማስተማር ከማብረር የተለየ ሙያ ነውና።

በዚያው ዘመን በፋርንበሮ የምርምር ጣቢያ የነበሩት ሊቃውንት የመሽከርከርን ነገር በሒሳብና በመሣሪያ ይመረምሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ፍሬድሪክ ሊንደማን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ መብረር ተምሮ፥ አይሮፕላኑን ሆን ብሎ እያሽከረከረ በመሣሪያዎቹ ላይ የሚያነበውን ቍጥር ይመዘግብ ነበር። የፓርክን ዕድል ወደ እውቀት የለወጡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስሚዝ ባሪም እውቀቱን ወደ ትምህርት ለወጠው። ፈተና የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። አንድ ሰው በሞት አፋፍ ያገኘውን ነገር ሌላው መርምሮ ያስረዳል፤ ሦስተኛው ያስተምራል፤ አራተኛውም ተማሪው ማወቁን ይጠይቃል።

ከጦርነቱ በኋላም ትምህርቱ አልቆመም። በ1929 የኦርጋን ሠሪ ልጅ የሆነው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ ከኦርጋን ወናፍ ባገኘው ጥበብ በምድር ላይ የሚዘነበልና የሚዞር የመለማመጃ አይሮፕላን ሠራ። በመጀመሪያ ብዙዎች የመናፈሻ መጫወቻ አድርገው ቈጠሩት። በ1934 ግን የአሜሪካ የጦር አብራሪዎች ደብዳቤ እንዲያመላልሱ በታዘዙ ጊዜ፥ በደመናና በሌሊት በመሣሪያ ብቻ መብረርን በሚገባ ስላልተማሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ጦሩ ከሊንክ 6 መለማመጃዎችን ገዛ። ሰው በምድር ላይ መሳሳትን ንቆ ነበር፤ በአየር ላይ የሚደረገው ስሕተት ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ካየ በኋላ ግን በምድር መሳሳትን እንደ ጸጋ ቈጠረው።

በሚከተለው ዓመት በጥቅምት 30 ቀን 1935 ቦይንግ 299 የተባለው ባለአራት ሞተር አይሮፕላን በዴይተን አጠገብ ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ፤ ሁለት ሰዎችም በዚሁ ምክንያት ሞቱ። አብራሪዎቹ በሙያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። አደጋውን ያመጣው በምድር ሳለ መሪዎቹን ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው የሚይዘው መቈለፊያ ሳይፈታ በመቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አብራሪው ከመነሣቱ በፊት አንድ በአንድ እያነበበ የሚፈጽመው የመቈጣጠሪያ ዝርዝር ተዘጋጀ። እውቀት ያለው ሰው ሊረሳ እንደሚችል ማመን ራሱ ከእውቀት የሚቈጠር መሆኑን ይህ ነገር አስረድቷል። ስለዚህ የዛሬው ተማሪ ዝርዝሩን በቃሉ ቢያውቀው እንኳ እያነበበ እንዲሠራ ይታዘዛል።

መንግሥታትም ሥርዓቱን በሕግ ማጽናት ጀመሩ። በ1919 በፓሪስ የተፈረመው የአየር ጉዞ ስምምነት አብራሪዎች ሊያሟሉ የሚገባቸውን ዝቅተኛ ችሎታ ወሰነ። በ1944 በቺካጎ የተደረገው ታላቅ ጉባኤ ደግሞ ዛሬ ዓለም የሚተዳደርበትን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አወጣ፤ ኢትዮጵያም ከጉባኤው ተካፋዮች አንዷ ነበረች። በዚህ ስምምነት መሠረት በ1948 የአብራሪዎችን የፈቃድ ወረቀት የሚመለከት ደንብ ተደነገገ። ተማሪ አብራሪ በተፈቀደለት አስተማሪ ቍጥጥር ወይም ፈቃድ ካልሆነ በቀር ብቻውን እንዳይበር፥ የጤና ምርመራም እንዲያልፍ ዛሬ የሚያዘው ይኸው ደንብ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 18 ቀን 1929፥ በእኛ አቈጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ/ም፥ በንጉሥ ተፈሪ መኰንን ዘመን ነው። አይሮፕላኑ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ሲሆን ያበረረውም አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ዓመት ያህል ቈይቶ በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በአገራቸው ሰማይ ላይ ብቻቸውን ለመብረር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ ብዙ ሰው አይሮፕላንን ገና በዓይኑ ያላየ መሆኑን ስናስብ፥ እነዚህ ሁለት ወጣቶች በባዕድ ቋንቋ የሞተርንና የክንፍን ነገር አጥንተው ለዚህ መብቃታቸው ሊደነቅ የሚገባው ነው።

ስለ ምድር ትምህርት ስንናገር የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰንን ስም ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፋችን ይጐድላል። እኒህ ጥቁር አሜሪካዊ መብረር ለመማር በቺካጎ ወደሚገኝ የበረራ ትምህርት ቤት ቢያመለክቱ በቀለማቸው ምክንያት ተከለከሉ። እርሳቸውም ተስፋ ሳይቈርጡ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ፤ መጥረጊያቸውን እንደ ያዙ ለሌሎች የሚሰጠውን የምድር ትምህርት ያዳምጡ ነበር። በዚህ ትጋት በሩ ተከፈተላቸውና አብራሪ ሆኑ። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ልትወር ስትነሣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጥቂት አይሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን የአየር ኃይላችንን መሩ። ከድል በኋላም በ1944 ተመልሰው ኢትዮጵያውያንን አሠለጠኑ፤ በ1954 በአይሮፕላን አደጋ ምክንያት በአዲስ አበባ ዐርፈው በዚሁ ተቀበሩ። ለሌላው ተማሪ አሰልቺ የሚመስለው የክፍል ትምህርት፥ በር ለተዘጋበት ሰው ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ የእርሳቸው ታሪክ ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው እየሰፋ ሄደ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቢሾፍቱ የአየር ኃይሉን ትምህርት ቤት ሲያደራጁ፥ ሳፊር የሚባሉት ትንንሽ የስዊድን አይሮፕላኖች የተማሪዎች መለማመጃ ሆኑ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በሚያዝያ 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። በመጀመሪያ አብራሪዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመንገደኛ አይሮፕላን አዛዥ ለመሆን የበቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1964ም አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ።

እንግዲህ ተማሪው ብቻውን ከመብረሩ በፊት ምን ይጠየቃል? አንደኛ፥ የአየርን ሕግ ይጠየቃል። ሁለት አይሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ፤ መንገዳቸው ቢተላለፍ ሌላውን በቀኙ የሚያይ መንገድ ይለቃል። ሬዲዮው ቢበላሽ የመቈጣጠሪያው ማማ በመብራት ያናግረዋል፤ ለሚበር ሰው የማይቋረጥ አረንጓዴ «ዕረፍ»፥ የማይቋረጥ ቀይ «ለሌላው መንገድ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል»፥ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ «ሜዳው አደገኛ ነውና አትረፍ» ማለት ነው። ሁለተኛ፥ አይሮፕላኑን ያውቅ እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ ስንት ነዳጅ ይይዛል፥ ፍጥነቱ ከስንት በታች ሲወርድ ክንፉ ሊሸከመው አይችልም፥ ከፍተኛው ክብደቱ ስንት ነው የሚሉት ናቸው። ሦስተኛ፥ ችግር ቢመጣ የሚያደርገውን ይጠየቃል። ለምሳሌ ከተነሣ በኋላ ገና ከፍ ሳይል ሞተሩ ቢቆም፥ ልቡ ወደ ማኰብኰቢያው ተመለስ ይለዋል። ትክክለኛው መልስ ግን አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ከፊት ለፊቱ ካለው ሜዳ ማረፍ ነው፤ በዝቅታ ለመዞር የሞከሩ ብዙዎች አልተመለሱምና።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ብቻውን ለሚበር ተማሪ የተለየ ነው። አስተማሪው ሲወርድ የሰውነቱ ክብደት አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ከልማዱ ፈጥኖ ይነሣል፤ ቶሎ ከፍ ይላል፤ ለማረፍም ሲቀርብ እንደ ልማዱ አልወርድ ብሎ ይንሳፈፋል። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ተማሪ አይሮፕላኑ የታመመ ይመስለውና ይደነግጣል፤ የሰማ ግን የጠበቀው ነገር በመድረሱ ልቡ ይረጋጋል።

በአገራችን ደግሞ ከሌላ አገር መጽሐፍ ተገልብጦ የማይበቃ አንድ ጥያቄ አለ። የቦሌ ማኰብኰቢያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ከፍታ አለው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳር ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ፀሐይ በበረታችም ጊዜ ከዚያ ይበልጥ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፥ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይቀንሳል። የፍጥነት መለኪያው የሚያሳየው ቍጥር በባሕር ዳር ከሚያሳየው ጋር አንድ ቢሆንም፥ አይሮፕላኑ በምድሩ ላይ የሚሮጠው ከዚያ ፈጥኖ ነው፤ ለመነሣትም ለመቆምም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ዓይኑን ብቻ የሚያምን ተማሪ ምድሩ ሲፈጥንበት አይቶ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚህም ክንፉን ያደክማል። ምክንያቱን የተማረ ግን ዓይኑን ሳይሆን መለኪያውን ያምናል። የደጋ ሰው የሆነው ተማሪያችን የአገሩን አየር እንደ አዲስ ማጥናት አለበት ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የፈተናው ዓላማ ምንድር ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ ጥሩ መልስ ይሰጠናል። በዚያ አገር ከብቻ በረራ በፊት የሚደረገውን የጽሑፍ ፈተና የሚሰጠው የተማሪው የራሱ አስተማሪ ነው። ጥያቄዎቹም ተማሪው የሚነሣበትን ሜዳና የሚያበርበትን አይሮፕላን የሚመለከቱ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን አስተማሪው ተማሪው የተሳሳተበትን እያንዳንዱን ጥያቄ ከእርሱ ጋር መርምሮ ሳያርም እንዲበር ሊፈቅድለት የማይችል መሆኑ ነው። በሌላ ትምህርት መቶ ሊያገኝ ይገባው የነበረ ሰው ሰማንያ ቢያገኝ ይመሰገናል፤ የቀረውንም ሃያ ማንም አይጠይቀውም። በዚህ ፈተና ግን ዋናው ነገር ያ የቀረው ሃያ ነው። አደጋ ሲመጣ ተማሪው ከሚያውቀው ሰማንያ መርጦ አይመጣምና።

ስለዚህ የምድር ፈተና ሰውን ለማሳፈር ወይም ለመጣል የተዘጋጀ ወጥመድ አይደለም። በወረቀት ላይ የተሠራ ስሕተት የሚያስከትለው ትንሽ ቀይ ቀለም ነው፤ ያው ስሕተት በአየር ላይ ቢሠራ ግን ማረሚያ የለውም። ፈተናው ስሕተቱን ርካሽ በሆነበት ቦታ እንዲገለጥ ያደርገዋል። መልሱን ከጓደኛው ገልብጦ ያለፈ ተማሪ ያታለለው ፈታኙን አይደለም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ በዚያ ባዶ ወንበር አጠገብ ብቻውን የሚቀመጠውን ራሱን ነው።

የአስተማሪውም ዕዳ ከተማሪው አያንስም። በተማሪው የበረራ መዝገብ ላይ «ብቻውን ቢበር ይችላል» ብሎ ሲፈርም፥ ፊርማው የሰው ነፍስ የተደገፈበት ምሰሶ ይሆናል። በይሉኝታ ወይም በችኰላ የፈረመ አስተማሪ በሜዳው ዳር ቆሞ ወደ ሰማይ ሲመለከት የሚሰማው ጭንቀት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጠይቆ፥ አርሞ፥ አረጋግጦ የፈረመው ግን ተማሪው ዞሮ እስኪያርፍ ድረስ ቢጨነቅም ኅሊናው አይወቅሰውም። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ለሌላ ሰው ችሎታ የምንፈርም ሁሉ ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ማኅተም ከመምታታችን በፊት፥ ይህ ሰው እኛ በሌለንበት ቦታ ብቻውን ሲቆም የሰጠነው እውቀት ይበቃዋልን? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።